ስልኩን አግድሚው

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢንተርቪው አለብኝ፤ ለጀማሪ አንድሮይድ ዴቨሎፐርነት። ይጠየቃሉ የሚባሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ሰብስቤያለሁ፤ ብዛታቸው ራሱ ያስፈራል። ከየቱ ልጀምር?

ጋሼ፦ ጥያቄዎቹ ይቆዩ። እስቲ ሲቪሽን አሳዪኝ። ኮትሊን፣ ጃቫ፣ ፍለተር፣ ሪአክት ኔቲቭ፣ ስዊፍት። ይኼን ሁሉ ትችያለሽ?

ተማሪ፦ ስዊፍትን እንኳ ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት። ማክ የለኝም።

ጋሼ፦ አፍ ዳገት አይፈራም! የአይፎን አፕ የሚገነባበት ኤክስኮድ ማክ ላይ ብቻ እንደሚሠራ ጠያቂሽ ያውቃል፤ «በምን ሠራሽው?» ይልሻል። እዚያ ላይ ከተንተባተብሽ በደንብ የምታውቂውን ኮትሊንም ይጠራጠርብሻል። አውጪው።

ተማሪ፦ ፍለተርስ? ጓደኞቼ ሥራ ያለው እሱ ላይ ነው ይሉኛል።

ጋሼ፦ ሊሆን ይችላል። አንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ስለሚያገለግል ባለሙያ ያነሰው ድርጅት ይወደዋል። አንቺን የጠራሽ ማስታወቂያ ግን አንድሮይድ ነው የሚለው፤ ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአንድሮይድ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኮትሊን ነው። በሦስት ሳምንት ቋንቋ አይቀየርም። ይልቅ የሠራሽው ነገር አለ?

ተማሪ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ አለ፤ የዕድር መዋጮ መመዝገቢያ። ይኸው፣ ስልኬ ላይ ነው።

ጋሼ፦ አዲስ አባል ልትመዘግቢ ነው እንበል። ስም ጻፊ። የአባት ስም። ስልክ ቁጥር። አሁን «መዝግብ» የሚለውን ሳትጫኚ ስልኩን አግድሚው።

ተማሪ፦ ውይ! ጠፋ። የጻፍኩት በሙሉ።

ጋሼ፦ ለምን ጠፋ?

ተማሪ፦ እንጃ፤ ባግ ይሆናል።

ጋሼ፦ ባግ መሆኑን ጠያቂውም አይቷል፤ የሚፈልገው ምክንያቱን ነው። ስክሪኑን በኮምፖዝ ነው የሠራሽው? ስሙን የያዝሽው በሪሜምበር?

ተማሪ፦ አዎ።

ጋሼ፦ ሪሜምበር ስክሪኑ በተሳለ ቁጥር ያስታውሳል። ስልኩ ሲዞር ግን አንድሮይድ፣ ካልከለከልሽው በቀር፣ አክቲቪቲውን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ኦንዲስትሮይ፣ ከዚያ ሌላ ኦንክሪኤት። ውስጡ የነበረው አብሮ ይሄዳል።

ተማሪ፦ ቪውሞዴል ውስጥ ላድርገዋ!

ጋሼ፦ ቪውሞዴል መዞሩን ይችለዋል። ሰውዬው ግን ቅጹን ግማሽ ሞልቶ ስልክ ተደወለለት፤ አወራ፣ ካሜራ ከፈተ፣ ፌስቡክ አየ። የስልኩ ራም ትንሽ ከሆነ ሲስተሙ ቦታ ሲጠበው አፕሽን ይገድለዋል፤ ቪውሞዴሉም አይተርፍም። ለዚያ ሪሜምበርሴቨብል ወይም ሴቭድስቴትሃንድል አለ፤ ሰንብቶ መገኘት ያለበት ደግሞ ሩም በሚባለው ላይብረሪ በኩል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ ማታ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ግቢና «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብርተሽ፣ ከአፑ እየወጣሽ እየገባሽ ገጽ በገጽ ሞክሪው። የሚጠፋውን ሁሉ ጻፊ። ከሰበሰብሻቸው ጥያቄዎች መካከል «የአክቲቪቲ ላይፍሳይክል ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም አይደል? በቃልሽ ከምታነበንቢ ይኼን ንገሪያቸው።

ተማሪ፦ መዋጮውን በቴሌብር መክፈልም ልጨምርበት አስቤ ነበር።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጀማሪ ሲመጣ ሁልጊዜ የማነሳውን ልጠይቅሽ። አባሉ «ክፈል» ተጫነ። ትእዛዙ ሰርቨር ደረሰ፣ ብሩ ተቆረጠ። መልሱ ሳይመለስ ኔትወርክ ጠፋ። አፕሽ ምን ያሳያል?

ተማሪ፦ «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ።»

ጋሼ፦ ሞከረ። ሁለቴ ከፈለ። ለዕድሩ ዳኛ ማን መልስ ይሰጣል?

ተማሪ፦ እሺ፣ አንዴ ከተጫኑት በኋላ ቁልፉን እዘጋዋለሁ።

ጋሼ፦ ከአፑ ወጥቶ ቢመለስስ? ነገሩ በቁልፍ አያልቅም። አፕሽ ከመላኩ በፊት ለክፍያው የራሱን መለያ ቁጥር ይስጠውና ስልኩ ላይ ያስቀምጠው። በድጋሚ ሲልክ ያንኑ ቁጥር ይላክ። ሰርቨሩ ቁጥሩን ቀድሞ ካየው የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል እንጂ ደግሞ አይቆርጥም። ለአባሉም ያልታወቀን ነገር «አልተሳካም» አትበዪው፤ «እየተጣራ ነው» በዪውና ኔትወርክ ሲመለስ ሁኔታውን ከሰርቨሩ ጠይቂለት። ይኼን ያስረዳኝን ልጅ አልጎሪዝም ቢሳሳት እንኳ አልጥለውም።

ተማሪ፦ አልጎሪዝሙን ልተወው ማለት ነው?

ጋሼ፦ አላልኩም። በቀን አንድ ሁለት ሥሪ፤ ለጀማሪ አሬይ፣ ስትሪንግና ሃሽማፕ ላይ በርቺ። ግን ድምፅሽን አውጥተሽ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እያስረዳሽ። ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲስት የት ላይ እንደሳተ አይታወቅም፤ ልርዳው ብትዪም አትችዪም።

ተማሪ፦ ኤአይ የጻፈው ኮድ ካለበትስ?

ጋሼ፦ ዛሬ ማን ያላስጻፈ አለ? ብቻ አንዱን መስመር ጠቁመው «ይኼ ለምን እዚህ ገባ?» ሲሉሽ መልስ ይኑርሽ። የማታስረጂውን ክፍል ወይ አጥኚው ወይ ሰርዢው።

ተማሪ፦ ፕሌይ ስቶር ላይ ባወጣውስ?

ጋሼ፦ ምዝገባው አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፤ የሚከፈልበትን ካርድ ማግኘቱ የራሱ ጣጣ አለው። ከዚያ የሚብሰው ጊዜው ነው፤ አዲስ የግል አካውንት ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን ካልሞከሩለት አፑን ለሕዝብ ማውጣት አይችልም። ሰው ፈልገሽ አሰባስበሽ ላንቺ ኢንተርቪው ላይደርስ ይችላል። ኤፒኬውን ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ኮዱን ጊትሃብ ላይ አድርጊ፣ ሪድሚው ላይ የሚሠራውንም ገና ያልሠራውንም ጻፊ። ፓስወርድና የኤፒአይ ቁልፍ አብሮ እንዳይወጣ፤ እኔ ጊትሃብ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ተማሪ፦ ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ካሉኝስ?

ጋሼ፦ ቀድመውሽ ተመርቀው የተቀጠሩትን ጠይቂ፤ ሦስት አራት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ተናገሪ። እነሱ ቁጥር ሲጠሩልሽ ደግሞ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ሳትጠይቂ እሺ እንዳትዪ።