ፕሪዝማ ያላወቀው ኮለም

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የሱቆቹ ቴብል አስቸገረኝ። ፖስትግሬስ ውስጥ ስገባ «ቦታ» የሚለው ኮለም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ በፕሪዝማ በኩል ከኮድ ስጠራው ግን የለም።

ጋሼ፦ ታይፑ ምንድን ነው?

ወጣቷ፦ ጂኦግራፊ። ፖስትጂአይኤስ ጭነን ነው የፈጠርነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ዳታሽ ደህና ነው። ጂኦግራፊን ያመጣው ኤክስቴንሽኑ ነው እንጂ ፖስትግሬስ ብቻውን የለውም። ፕሪዝማ የማያውቀው ታይፕ ሲገጥመው ስኪማው ላይ «አንሰፖርትድ» ብሎ ይመዘግበውና ከክላየንቱ ያስቀረዋል።

ወጣቷ፦ ማንበቡስ ይቅር፤ አዲስ ሱቅ ልመዝግብ ብል «ክሪኤት» ራሱ ጠፍቷል!

ጋሼ፦ ኮለሙ ባዶ እንዳይሆን ከልክላችሁ ዲፎልት ሳትሰጡት ቀርታችኋላ። የግድ መሞላት ያለበትን ኮለም መሙላት ስለማይችል ክሪኤትንም አፕዴትንም ይከለክልሻል። ምዝገባውን በኤስኪውኤል ጻፊው።

ወጣቷ፦ ለንባቡ ኩዌሪ ሮው ሞክሬ ነበር። ኤረር መለሰልኝ።

ጋሼ፦ በኮከብ ምልክት ሁሉንም ጠርተሽ ይሆናል። ኮለሞቹን በስም ዘርዝሪ፤ «ቦታ»ን ብቻ ፕሪዝማ ወደሚያውቀው ታይፕ ቀይሪለት።

ወጣቷ፦ ወደ ቴክስት?

ጋሼ፦ ኤረሩ ይጠፋል፤ የምታገኚው ግን በ0101 የሚጀምር ረጅም የሄክስ ኮድ ነው። «ኤስቲ አዝቴክስት» በሚለው ፈንክሽን ካወጣሽው መስቀል አደባባይ «ፖይንት(38.76 9.01)» ሆኖ ይመጣል። ለካርታ ከሆነ «ኤስቲ አዝጂኦጄሰን» ይሻላል። ስታስገቢም ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል። ከገለበጥሽው ሱቁ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገባል።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ ኮለሙን አንዴ ቴክስት አድርገነው ብንገላገልስ?

ጋሼ፦ ደንበኛ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ሱቆችን አሳዩኝ ሲል ምን ልትዪው ነው? ቴክስት ርቀት አያውቅም። ጂኦግራፊ ሲሆን «ኤስቲ ዲዊዚን» 2000 ብለሽ ስትሰጪው በሜትር ይለካልሻል፣ የጂስት ኢንዴክስ ካለሽም ቴብሉን ሙሉ ሳያስስ ያጣራል። ስለዚህ ዌር ውስጥ ታይፑን አትንኪ፤ የምትቀይሪው ሴሌክት ላይ፣ ውጤቱ ሲወጣ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ደንበኛው የሚልከውን ቦታስ ኩዌሪው ውስጥ ልቀጥለው?

ጋሼ፦ በፍጹም! እንደ ፓራሜትር አሳልፊው። የሰው ጽሑፍ ከኤስኪውኤል ጋር ከተቀጠለ ለኢንጀክሽን በር ተከፈተ ማለት ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፤ ግን በየፋይሉ ኤስኪውኤል ሊበተን አይደል?

ጋሼ፦ አንድ ፋይል ስጪው። የሚመዘግብ አንድ ፈንክሽን፣ በርቀት የሚፈልግ ሌላ ፈንክሽን ይኑርሽ፤ የቀረው ኮድ እነሱን ይጥራ። ነገ ፕሪዝማ ታይፑን ቢቀበል የምታርሚው ያንን ፋይል ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ለጽሑፍ ፍለጋ ያስቀመጥነው ቲኤስቬክተርም እንዲሁ ተደብቋል። እሱንም ልቀይረው?

ጋሼ፦ እሱን ማን ሊያነበው? ዳታቤዙ ይፈልግበት፤ አንቺ የሱቁን ስም ተቀበይ። ታይፕ ከመቀየርሽ በፊት ኮዱ ያንን ዋጋ በእርግጥ ይፈልገው እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው መልሱን ብቻ ነው።