ለነገሌዋ መምህርት፣ ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት

ልጄ፣ የትምህርት ቤታችሁን የመማሪያ ሶፍትዌር ከሚመርጡት አንዷ ሆነሻል አሉ። እንግዲህ ስሚኝ።

1. ሻጩ «ለአካል ጉዳተኛም ይሆናል» ሲልሽ ማውሱን ንቀዪበት። በኪቦርድ ብቻ ያሳይሽ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍተሽ፣ በስክሪኑ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ኤንቪዲኤን ክፈቺ። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ፣ የመጀመሪያው በ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮት አብረው ያሳደጉት ነፃ ፕሮግራም ነውና «በጀት የለም» አይባልም። «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ካለሽ ለቁልፎቹ ስም አልሰጧቸውም።

2. ቋንቋው ላይ ቆዪ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ለትምህርትም ለቢሮም የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ ፊደሉ ላቲን ስለሆነ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ያነብበዋል። በቁቤ ኤክስ «ጠ»፣ ሲ «ጨ» መሆናቸውን ያ ድምፅ ከየት ያውቃል? ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም የኦሮምኛም የአማርኛም ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል እንጂ ይለመዳል። ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ኮዱ ውስጥ ካልተገለጸ ግን ድምፁ ራሱን አይቀይርም። የአማርኛው ጣጣ ሌላ ነው፦ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን ፊደል፣ ለአንባቢው ፕሮግራም የላቲን ምልክት ክምር ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍማ ፎቶ ነው፤ እንዳለ አይነበብም።

3. ቪዲዮውን ድምፅ ዘግተሽ እዪ፤ መስማት የተሳነው ተማሪ የሚያገኘው ያንን ብቻ ነው። በምልክት ቋንቋ ተተርጉሟል ካሉሽም የየት አገሩ እንደሆነ ጠይቂ፤ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የኢትዮጵያውን አይተካም።

4. የጽሑፉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይህን ይላል። እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ፣ በቆላው ፀሐይ ሞክሪው እላለሁ።

5. ኔትወርክ ሲጠፋስ? ድምፁ ከኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ፣ የሚያየው ልጅ የከፈተውን ገጽ ማንበቡን ሲቀጥል ዓይነ ስውሩ ብቻ ይቆማል። እንዲህ ያለውን አትቀበዪ።

6. ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፦ አካል ጉዳተኛው ተማሪ ራሱ ይሞክረው፣ ከመግቢያው የይለፍ ቃል ጀምሮ ፈተናውን ጨርሶ እስኪያስረክብ። ትምህርቱ ተነቦ ፈተናው የማይነበብ ሶፍትዌር ብዙ ነው። አንቺ አጠገቡ ቁጭ በዪ፣ እጅሽን ግን አታስገቢ፤ ካስገባሽ ሶፍትዌሩ ወድቋል።

7. ከኮሚቴው «ለአንድ ልጅ ብለን?» የሚል አይጠፋም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ አዋጁን ይዘሽ ግቢ። ውሉ ላይም የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው የተገኘው ጉድለት ሲታረም እንደሆነ ይጻፍ። አዲስ ዝማኔ ትናንት ይነበብ የነበረውን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ በየዝማኔው እንደገና እንዲፈተሽና ሻጩ በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል አስገቢበት።