አባቴ ወላዋይ አይደለም

በዛሬው የእንግሊዝኛ አምዳችን ስለ ማመንታትና ስለ መወላወል የሚነገሩ ቃላትን እናያለን። ርዕሱን ያገኘሁት ከራሴ ስህተት ነው። ማይክ ላይ ስለተሳሳትኩ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል።

ጠዋት በሰልፍ ሰዓት የክበባችን አባላት ራሳችንን በእንግሊዝኛ እያስተዋወቅን ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስሜን፣ ክፍሌን፣ ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ መሆኑን ተናገርኩ። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ...» አልኩና ቆምኩ። አባቴ ሸማኔ ነው። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ነጋዴ ነው፣ «መርቻንት» ልበል? ወይስ እውነቱን? እንዲህ እያሰብኩ ከአፌ የወጣው «ዌቨር» ሆነ። በእረፍት ሰዓት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ «አባትሽ ወላዋይ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሸማኔ በእንግሊዝኛ «ዊቨር» ነው፤ «ዊ» ረዘም ተደርጋ ትነበባለች። ፊደሎቹ ደብሊው፣ ኢ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ፣ አር ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዷን «ኢ» ስታወጡ «ዌቨር» ይሆናል፤ ትርጉሙ መወላወል ነው። እኔ የጣልኩት አንዲት ፊደል ነው፤ አባቴን ግን ወላዋይ አደረግሁት።

የእንግሊዝኛ ቲቸራችን በኋላ ጠርተው አስረዱኝ። «ማይክ ላይ ሁለት ነገር ነው ያደረግሽው» አሉኝ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ይሄ «ሄዚቴት» ይባላል፣ ማመንታት ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንት መጣበቅ፣ መያዝ ማለት ነበር። ጭቃ እግርን እንደሚይዝ ማለት ነው። መሃሉ ላይ «ሲ» ሳይሆን «ዚ» እያላችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ «ቱ» ይከተለዋል፦ «ዶንት ሄዚቴት ቱ አስክ»፣ ለመጠየቅ አታመንቱ።

ቀጥሎ በሁለት መልስ መሃል ተመላለስኩ፤ እሱ ነው «ዌቨር»። ከ«ቢትዊን» ጋር ይሄዳል። ምሳሌውን ከታሪክ ልስጣችሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶ እንጨት እያነሰ ሲያስቸግር አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ አስጀመሩ። በኋላ ግን እዚሁ ቀሩ፤ እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ማገዶውን ያቃለለው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬም እናቶች ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠሉን ተሸክመው በሰፈራችን ሲያልፉ እናያለን። እንግዲህ «ምኒልክ ዌቨርድ ቢትዊን አዲስ አበባ ኤንድ አዲስ ዓለም» ማለት እንችላለን።

በጣም የገረመኝ ደሞ እንግሊዝኛውና አማርኛው የሚገናኙበት ቦታ ነው። «ማመንታት» ስንል ውስጡ «መንታ» ይሰማል። መጠራጠር «ዳውት» ይባላል፤ እሱም በላቲን ሁለት ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው። (ሲጻፍ «ቢ» አለበት፣ ሲነበብ የለም። ፈተና ላይ እንዳትረሱት!) እኛ «ልቤ ሁለት ሆነ» እንላለን፤ እነሱ «አይ አም ኢን ቱ ማይንድስ» ይላሉ።

«ሺሊ ሻሊ» የሚል አስቂኝ ቃልም አለ። የመጣው «ሻል አይ? ሻል አይ?» ከሚለው ነው፣ ላድርግ? ላድርግ? እንደማለት። «ዲዘር» ድሮ መንቀጥቀጥ ነበር፤ አሁን ግራ ተጋብቶ መወሰን ያቃተውን ሰው ለመግለጽ ይውላል። «ቫሲሌት» እንደ «ዌቨር» ነው፣ ግን ከበድ ስለሚል ለድርሰት አስቀምጡት።

መወሰን የማይችል ሰው «ኢንዲሳይሲቭ» ይባላል። መሠረቱ «ዲሳይድ» ነው፤ እሱም በላቲን መቁረጥ ማለት ነበር። እኛስ «ቆረጥኩ»፣ «ቁርጡን ንገረኝ» እንል የለ?

ማታ ይሄን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ጥለት እየሠራ ነበር። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤ ዌቨር የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው አልኩት፣ ሳቀ። «ዊቨር» የሚለውንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ እጁን ሳያቆም «ነጋዴ ነው ልትይ ነበር?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያ ዝምታ «ሄዚቴት» ይሁን ሌላ ቃል ይኑረው ቲቸርን አልጠየቅኳቸውም።

መልመጃ፦ ትክክለኛውን ቃል መርጣችሁ መልሱን በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ።

1. ዶንት ______ ቱ አስክ ዩር ቲቸር። (ሄዚቴት / ዲሳይድ)
2. ሺ ______ ቢትዊን ቱ አንሰርስ። (ዌቨርድ / አስክድ)
3. ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ______። (ዌቨር / ዊቨር)

ሦስተኛውን እኔ ራሴ ዓርብ ጠዋት ማይክ ላይ እመልሰዋለሁ።