ካና፦ ትርፉም ኪሳራውም ከሥሩ

ለግቢው ካና የሚገዛ ሰው በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ዘንድ ሲቆም ዋጋ የሚከራከረው አበባውን እያየ ነው። አበባው ግን ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥም ቶሎ ይጠወልጋል። ስለዚህም እንደ ጽጌረዳ በካርቶን ታሽጎ ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ አልሆነም። በእርግጥ የሚገዛው እንደ ዝንጅብል እየተነባበረ አፈር ውስጥ የሚያድገው ሥር ነው። በቬትናም ከዚሁ ሥር በሚወጣ ስታርች ኑድል ተሠርቶ ለገበያ ይቀርባል።

አተካከሉ ብዙ ወጪ የለውም። ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ያለው ቁራጭ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፤ በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተዋል። የተብላላ ፍግና በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይበቃዋል። ውኃ ወዳድ ነው፤ ሳያቆጠቁጥ ሲበዛበት ግን ይበሰብሳል። አበባውን የጨረሰ አገዳ ከሥር ይቆረጣል። ከዘር ማብቀልም ይቻላል፤ ነገር ግን ጥቁሩ ፍሬ እንደ ጥይት የጠጠረ በመሆኑ በሞረድ ተፍቆ መነከር አለበት፤ የሚበቅለውም የእናቱን መልክ ላይዝ ይችላል።

ሒሳቡ የሚመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሥሩ ተጨናንቆ ሲከፈል ነው። አንዱ ሥር ለ5 ቢከፈል ባለቤቱ 4 ተክል በነፃ አገኘ ማለት ነው። ሥሩ ቫይረስ ካለበት ግን ያባዛው በሽታ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክሽክሽም ወደ ጎረቤት ተክል ያዛምተዋል። ምልክቱ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ የሚታይ የተዘበራረቀ ቢጫ ሰረዝና ነጠብጣብ፣ ቡናማ እየሆነ የሚደርቅ ቦታ እንዲሁም የዕድገት መቀጨጭ ነው። ችግሩ ቅጠላቸው በተፈጥሮ ቢጫ መስመር ያለው ዝርያዎች መኖራቸው ነው። የእነዚህ መስመር ግን በሁሉም ቅጠል ላይ አንድ ወጥ ነው፤ ተክሉም አይኮሰምንም።

ቅጠሉ ተቆርጦ ሥሩ ብቻ በርካሽ ሲቀርብ ምልክቱም አብሮ ተቆርጧል። ገዥው ቅጠል ያለውን እንዲያሳዩት ቢጠይቅ፣ ካልሆነም የገዛውን ከሌሎቹ ርቆ ለብቻው ተክሎ ቅጠል እስኪያወጣ ቢጠብቅ ይሻለዋል። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል እንጂ ብስባሽ ውስጥ አይጣልም፤ ቢላዋውም ሌላ ተክል ከመንካቱ በፊት በበረኪና ይታጠባል።