ዲስኩ «ተጻፈ» ማለት ይነበባል ማለት አይደለም
ስለ ሲዲና ዲቪዲ አጻጻፍ ችግሮች አጭር ትምህርት



በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ድራይቭ እንደሌላቸው የታወቀ ነው። ትምህርታችንን በፍላሽ እናመላልሳለን፤ ፎቶግራፉንም በስልክ እንልካለን። ስለዚህ «ስለ ሲዲ መጻፍ ዛሬ ምን ያነጋግራል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። መልሱ አጭር ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎችን ለበሽተኛው የሚሰጡት እስከ ዛሬ ድረስ በዲስክ ነው። ሕክምናውን በአገሩ ለመቀጠል የሚመለስ ወገናችን ይህንኑ ዲስክ ይዞ ይሄዳል። ቅጂ ባስፈለገው ጊዜ ደግሞ የሚመጣው ወደ እኛ፣ ወደ ተማሪዎቹ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የምትኖር፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራት እህታችን የሆዷን የሲቲ ስካን ዲስክ ይዛ መጣች። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይህን ገልብጥልኝ፤ አንዱ እዚህ ይቅር፣ አንዱን ይዤ ልግባ» አለችኝ። ከርካሽ የ50 ዲስክ ጥቅል አንዱን አወጣሁ፤ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ስለ ነበር ከሁሉ የላቀውን ፍጥነት መረጥሁ። ፕሮግራሙ ሥራው በተሳካ ሁኔታ መፈጸሙን አስታወቀ። ሌላ ነገር ሳልመረምር ስሟን ጽፌ ሰጠኋት። አዲስ አበባ ስትደርስ የሐኪሙ ኮምፒዩተር የተወሰኑትን ምስሎች ካሳየ በኋላ ቆመ። ምርመራው እንደገና ተነሣ፤ ለጨረር ዳግመኛ ተጋለጠች፤ ለወራት ያጠራቀመችው ገንዘብም ወጣ። እኔ የሰማሁት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ዋናው ዲስክ ግን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዕድል አለመሆኑን ለማወቅ ጥቂት ማንበብና መሞከር አስፈልጎኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያገኘሁትን ለሌሎች ማካፈል ነው።

1. ዲስክ እንዴት ይጻፋል?

በፋብሪካ የተዘጋጀ የሙዚቃ ሲዲ መረጃው በላዩ ላይ እንደ ማኅተም የታተመ ነው። እኛ የምንጽፍበት ሲዲ ግን በፕላስቲኩና በሚያንጸባርቀው ሽፋን መካከል ስስ የማቅለሚያ ንጣፍ አለው። የሌዘሩ ጨረር ይህን ማቅለሚያ በሙቀት እየለወጠ ምልክት ይተዋል፤ «በርን ማድረግ» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በንባብ ጊዜ ደካማ ጨረር በምልክቶቹ ላይ ሲያልፍ የሚመለሰው ብርሃን ይበረታል ወይም ይቀንሳል፤ ድራይቩም ይህን ልዩነት ወደ መረጃ ይለውጣል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ምልክቱ ጥርት ያለ ወይም የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። የደበዘዘውን ምልክት የጻፈው ድራይቭ ራሱ ሊያነበው ሲችል ሌላው ላያነበው ይችላል። ሁለተኛ፣ ጽሕፈቱ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ ዲስኩ ሲሞላ መጨረሻ የተጻፈው ፋይል በዳርቻው ላይ ይውላል፤ ብዙ ጊዜ ጥራቱ የሚቀንሰውም በዚያ በኩል ነው። የእትዬ ዲስክ ጀምሮ የቆመው በዚህ ምክንያት ነበር።

2. የምርመራ ቅደም ተከተል

በሕክምና ትምህርት መጀመሪያ የበሽተኛውን ታሪክ እንጠይቃለን፤ ቀጥሎ በእጅ እንመረምራለን፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላቦራቶሪ የምንልከው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሰጥተን በሽተኛው ቢድን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም። ዲስክም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ።

ሀ) ችግሩ መቼ ተከሠተ? የስህተቱን መልእክት ሳንዘጋ በወረቀት እንጻፍ። ጽሕፈቱ ገና ሳይጀመር ከቆመ ብዙ ጊዜ የዲስኩ ዓይነት ወይም ድራይቩ የሌዘሩን ኃይል መመጠን አለመቻሉ ነው። በመካከል ከቆመ የኤሌክትሪክ ወይም የመረጃ አቅርቦት መቋረጥን እንጠርጥር። ተፈጽሞ በሌላ ኮምፒዩተር ካልተነበበ የጽሕፈቱን ጥራት ወይም የዲስኩን አለመዘጋት እንመርምር።

ለ) ዲስኩ። «አር» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ነው፤ «አርደብልዩ» የሚለው ተደምስሶ እንደገና ይጻፍበታል። ሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ቢባልም ዊንዶውስ የሚያሳየን 4.37 ያህል ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው በሺህ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል። የሲዲ መረጃ የሚገኘው ከስም መጻፊያው ገጽ ሥር በጣም ቀርቦ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚደርስ ጭረት ከታችኛው ይልቅ አደገኛ ነው። በእስክሪብቶ አንጻፍ፤ ወረቀትም አንለጥፍበት።

ሐ) ኤሌክትሪክ። በዩኤስቢ የሚሠራ ድራይቭ ሞተሩንም ሌዘሩንም የሚያንቀሳቅሰው ከኮምፒዩተሩ በሚያገኘው ኃይል ነው። በደንቡ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፒር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ይሰጣል። ጽሕፈት ከንባብ የበለጠ ኃይል ስለሚጠይቅ ማንበብ የሚችል ድራይቭ ሲጽፍ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር እናገናኘው፤ ባለ ሁለት ራስ ገመድ ካለው ሁለቱንም እንሰካ።

መ) ፍጥነት። የሲዲ አንድ እጥፍ ፍጥነት በሴኮንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ 52 እጥፍ ማለት 7800 ኪሎባይት ነው። 52 ለተጻፈበት ሲዲ 16 ወይም 24፣ 16 ለተጻፈበት ዲቪዲ 8 መምረጥ መልካም ነው። ሆኖም «እጅግ የዘገየው ምንጊዜም ይሻላል» ማለት ስህተት ነው፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ማቅለሚያ በጣም በዝግታ ሲጻፍበት ጥሩ ላይሆን ይችላል።

ሠ) የመረጃ አቅርቦት። ቀድሞ መረጃው ለአፍታ ከተቋረጠ ዲስኩ ይበላሽ ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ድራይቮች ቆም ብለው ካቆሙበት የሚቀጥሉበት ዘዴ ተበጅቶላቸዋል። ቢሆንም ፋይሉን ከፍላሽ ወይም ከኢንተርኔት በቀጥታ ከመጻፍ መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ፣ ላፕቶፑንም ከኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘት ይገባል።

ረ) አዘጋጅቶ መዝጋት። ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲገባ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንዱ እንደ ፍላሽ እያከሉ እየደመሰሱ ለመጠቀም፣ ሌላው በሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ለመጠቀም ነው። ዲስኩ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛውን እንምረጥ። የመጀመሪያውን በአሮጌ ማሽን ስንከፍተው ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሰ) ድራይቩ ራሱ። የፋብሪካ ዲስክም ካላነበበ ሌንሱ አቧራ ይዞ ወይም ሌዘሩ ደክሞ ይሆናል። ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ እምቢ ቢል አይግረመን፤ ለሲዲ የ780፣ ለዲቪዲ የ650 ናኖሜትር ጨረር ስለሚያስፈልግ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሽፋኑን ከፍቶ በሚሠራ ሌዘር ላይ ማፍጠጥ ዓይንን ይጎዳል። ይህን በሕክምና ተማሪነቴ አጥብቄ አሳስባለሁ።

3. የእኔ ዲስክ ምን ነበረበት?

ከዋናው ዲስክ ላይ ያንኑ ሥራ ደገምሁት፤ ውጤቱንም ሁልጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ፈተንሁ። በመጀመሪያ ምንም ሳልለውጥ ስጽፍ እንደ አዲስ አበባው በመካከል ቆመ፤ በራሴ ድራይቭ ግን ሙሉ በሙሉ ተከፈተ! ቀጥሎ ማከፋፈያውን አስወገድሁ፤ ለውጥ አልታየም። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 16 ዝቅ አደረግሁ፤ ከቀድሞው ብዙ ምስል ቢከፈትም የመጨረሻዎቹ ቀሩ። በመጨረሻ ፍጥነቱን እንዳለ ትቼ የዲስኩን ዓይነት ለወጥሁ፤ ሁሉም ተነበበ። ጥፋቱ እንግዲህ የደካማ ዲስክና የከፍተኛ ፍጥነት ቅንጅት ነበር። ያኔ አሥር ደቂቃ ወስጄ በሌላ ማሽን ብሞክረው ኖሮ እትዬ ያን ሁሉ ወጪና ድካም ባላየች ነበር።

4. ስለ ሕክምና ዲስክ ልዩ ማሳሰቢያ

የሕክምና ምስሎች የሚቀመጡት ዳይኮም በተባለ ሥርዓት ነው። በዲስኩ ላይ «ዳይኮምዲር» የሚባል ፋይል አለ፤ ይህም ምስሎቹ በየትኛው ፎልደር እንዳሉ የሚያመለክት ማውጫ ነው። ምስሎቹን ብቻ መርጦ መገልበጥ ወይም የፎልደር ስም መቀየር ማውጫውን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ፦

— ዲስኩን እንዳለ በምስል ፋይል፣ ማለትም በአይኤስኦ፣ እንገልብጥ። ይህን ፋይል እንደ ተራ ፋይል ዲስክ ላይ መጣል አይበቃም፤ «የዲስክ ምስል ጻፍ» በሚለው ትእዛዝ ይጻፍ።
— ፕሮግራሙ ከጻፈ በኋላ እንዲያመሳክር የሚያዘውን ምልክት እናብራ።
— ቢያንስ በአንድ ሌላ ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምስል ከፍተን እንይ።
— ዋናው ዲስክ ከበሽተኛው ጋር ይሂድ፤ ቅጂው እዚህ ይቅር። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነበር።
— ሌላ ቅጂ በፍላሽ እንጨምር፤ ዲስኩንም በዚህ አገር ሙቀት በመኪና ውስጥ አንተው።
— ሥራው ሲያልቅ የሰውን የሕክምና ምስጢር ከኮምፒዩተራችን እንደምስስ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ዲስኩን ሲያስረክበን «ተማሪ ናቸው፣ ያውቃሉ» ብሎ አምኖን ነው። ፕሮግራሙ «ተፈጽሟል» ሲል የተፈጸመው የእርሱ ሥራ ነው፤ የእኛ ገና ይቀራል። እትዬ አዲስ አበባ ታክማ በደኅና ተመልሳለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ባለፈው ወር የጓደኛዋን ዲስክ ይዛ መጥታ «እንደዚያኛው እንዳይሆን፣ አየት አድርግልኝ» አለችኝ። ሁለት ቦታ ከፍቼ፣ የመጨረሻውን ምስል ራሷ አይታ ነው የወሰደችው።

ከአንድ የሕክምና ተማሪ