አንድ ከንፈር፣ ሁለት ቱቦ
ለትሮምቦንና ለዩፎኒየም ማውዝፒስ ስንመርጥ ፊዚክስ ምን ይለናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞገድ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ አንድ ተማሪ ከቦርሳው ከናስ የተሠራች ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የትሮምቦን ማውዝፒስ ነበረች፤ በታችኛው ጫፏ ላይ ብዙ ዙር ወረቀት ተጠቅልሎባታል። ተማሪው በአንድ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋል፤ የዩፎኒየም ነፊ ሲታጣ ደግሞ እንዲተካ ይታዘዛል። ያለችው ማውዝፒስ አንዲት ብቻ ስለሆነች በወረቀት እያጠበቀ ለሁለቱም መሣሪያዎች ይጠቀምባታል። ትሮምቦን ሲነፋ የሚነቅፈው የለም። ዩፎኒየም ሲይዝ ግን ከፍ ያሉት ድምፆች ከጓደኞቹ ጋር አይገጥሙለትም። የባንዱ ኃላፊም «ለዚህ መሣሪያ ጆሮ የለህም» ብለውታል። እርሱም ባንዱን ለመተው ተቃርቧል። የጠየቀኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ «መምህር፣ የሰው ጆሮ በመሣሪያ ይለያያል እንዴ?»

ጆሮ በመሣሪያ አይለያይም። የሚለያየው በከንፈርና በመሣሪያው መካከል የሚቆመው የአየር ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳውም ማውዝፒስ ምን እንደሚሠራ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች እያፈራረቀ የሚነፋ ሰውም የትኛውን ክፍል ሳይለውጥ መያዝ፣ የትኛውን መለወጥ እንዳለበት ነው።

የሁለቱ መሣሪያዎች ዝምድና

ቴነር ትሮምቦንና ዩፎኒየም በርዝመት እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። የሁለቱም መሠረታዊ ቱቦ 2.7 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱም በቢ ፍላት የተቃኙ ናቸው። መሠረታዊ ድምፃቸው 58.3 ሄርትዝ ነው። ነፊው ተንሸራታቹን ሳያወጣ ወይም ቫልቭ ሳይጫን ከንፈሩን በማጥበቅ ብቻ የዚህን ቁጥር ብዜቶች፣ ማለትም 116.5፣ 175፣ 233 እያለ እስከ ስምንተኛው 466 ሄርትዝና ከዚያም በላይ ማግኘት ይችላል።

ልዩነታቸው ያለው በቱቦው ቅርጽ ነው። የትሮምቦን ቱቦ በአመዛኙ ሲሊንደር ነው፤ ውስጣዊ ዲያሜትሩ በተንሸራታቹ ላይ እንደ ዓይነቱ ከ12.7 እስከ 13.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆንና፣ የሚሰፋው ወደ አፉ ሲቃረብ ነው። ዩፎኒየም ግን በአብዛኛው ርዝመቱ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ነው።

ይህ ልዩነት የድምፁን ቀለም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኸርሽበርግና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ትሮምቦን በኃይል ሲነፋ በቱቦው ውስጥ የሚጓዘው የግፊት ሞገድ ግንባሩ እየሾለ ሄዶ ሾክ ዌቭ እስከ መሆን ይደርሳል። በሲሊንደር ውስጥ ሞገዱ ብርታቱን እንደያዘ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ለመሾል ጊዜ ያገኛል። በሚሰፋ ቱቦ ውስጥ ግን ግፊቱ ቶሎ ስለሚቀንስ መሾሉ ይገታል። የትሮምቦን ብሩህ ጩኸትና የዩፎኒየም ለስላሳ ድምፅ ዋነኛ ምንጭ ይኸው ነው። ስለዚህ ማውዝፒስ በመለወጥ ብቻ ዩፎኒየምን ትሮምቦን፣ ትሮምቦንንም ዩፎኒየም ማድረግ አይቻልም። የማውዝፒስ ሥራ መሣሪያው የተሠራበትን ጠባይ በትክክል እንዲያሳይ መርዳት ነው።

የማውዝፒስ አካላት

ማውዝፒስን ከላይ ወደ ታች ብንመረምረው አምስት ክፍሎች እናገኛለን። ከንፈር የሚያርፍበት ክብ ጠርዝ አለ። ከሥሩ አየር የሚጠራቀምበት ጽዋ ይገኛል። ጽዋው ወርዶ ወርዶ በጣም በሚጠብበት ስፍራ ጉሮሮ ይባላል። ከጉሮሮው በታች እንደገና ቀስ በቀስ የሚሰፋ የውስጥ ቦይ አለ። የቦዩ የውጭ ገጽታ ደግሞ ወደ መሣሪያው የሚገባው መሰኪያ ነው። ሁሉም ከአንድ ናስ የተቀረጹ ቢሆኑም ተግባራቸው የተለያየ ነው፤ ጠርዙ የነፊው ጎረቤት ሲሆን፣ ሌሎቹ የቱቦው ጎረቤቶች ናቸው።

ጽዋው እንደ ጠርሙስ

የባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ አንድ የታወቀ ድምፅ ይሰማል። በጠርሙሱ ሆድ ያለው አየር እንደ ምንጭ ሽቦ ሲለጠጥና ሲጨመቅ፣ በአንገቱ ያለው አየር ደግሞ እንደ ክብደት ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። እንዲህ ያለው አስተጋቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ድምፅ ስሜት ታላቅ መጽሐፍ ባሳተመው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ስም የሄልምሆልትዝ አስተጋቢ ይባላል። ማውዝፒስም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ጽዋው ሆድ፣ ጉሮሮውና ቦዩ አንገት ናቸው። የማውዝፒሱን ጠርዝ በመዳፍ መታ ብናደርገው «ፖፕ» የሚል አጭር ድምፅ የሚሰማውም ለዚህ ነው። የሙዚቃ መሣሪያዎች ፊዚክስ ሊቅ የነበረው አርተር ቤናዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዚህ ድምፅ ድግግሞሽ የማውዝፒሱን ጠባይ ከሚገልጹት ዋና ቁጥሮች አንዱ መሆኑን አስረድቷል።

ድግግሞሹን ለማስላት የጉሮሮውን ስፋት ለጽዋው ይዘትና ለአንገቱ ርዝመት ብዜት እናካፍላለን፤ የውጤቱን ዳግም ዘር በድምፅ ፍጥነት አባዝተን በመጨረሻ ለ6.28 እናካፍላለን።

ከተማሪው ጋር ሁለት ማውዝፒሶችን ለካን። አንዷ ያው የእርሱ ናት፤ ሁለተኛዋ ከሌላ ነፊ የተዋሰናት የዩፎኒየም ማውዝፒስ ናት። ጉሮሯቸውን በሰም ደፍነን፣ ጽዋቸውን በሕክምና ስሪንጅ ውኃ እስከ ጠርዙ ሞላን። የመጀመሪያዋ 8፣ ሁለተኛዋ 12 ሚሊ ሊትር ያህል ያዙ። ስሌቱን ለማቅለል የሁለቱም ጉሮሮ 7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ አንገታቸውም 5 ሴንቲ ሜትር ውጤታማ ርዝመት አለው ብለን ብንወስድ፣ የመጀመሪያዋ ድግግሞሽ 536፣ የሁለተኛዋ 437 ሄርትዝ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም የመሣሪያው ስምንተኛ ድምፅ በሚገኝበት በ466 ሄርትዝ አካባቢ መውደቃቸውን ልብ ይሏል። የማውዝፒስ ተጽዕኖ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በከፍተኛዎቹ ድምፆች ላይ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

ከፍ ያሉት ድምፆች ለምን አልገጠሙም?

መሣሪያው ማውዝፒሱን የሚያየው እንደ ተጨማሪ የቱቦ ቁራጭ ነው። ሆኖም የዚህ ቁራጭ ርዝመት ቋሚ አይደለም። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ቁራጩ ከማውዝፒሱ ጋር እኩል የአየር ይዘት ያለው ቱቦ ያህል ይረዝማል። ድግግሞሹ እየጨመረ ሲሄድ ቁራጩም እየረዘመ ይሄዳል፤ በራሱ በማውዝፒሱ ድግግሞሽ ላይ ሲደርስ የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያክላል።

የ13.9 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይዘን ሁለቱን ማውዝፒሶች እናነጻጽር። በዝቅተኛዎቹ ድምፆች ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ጽዋ የገባለት መሣሪያ በዚህ መጠን ያጥርና ድምፁ ከፍ ይላል። ይህ አያስቸግርም፤ የማስተካከያው ቱቦ ሁለት እግር ስላለው 1.3 ሴንቲ ሜትር ማውጣት ይበቃል። በ466 ሄርትዝ ላይ ግን ልዩነቱ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ካስተካከልን በኋላ እንኳ ከፍተኛው ድምፅ ላይ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳይታረም ይቀራል። የመሣሪያው ውጤታማ ርዝመት 2.94 ሜትር ስለሆነ፣ ስህተቱ 2 ከመቶ ይጠጋል። በሙዚቃ የአንድ ግማሽ ድምፅ ርቀት 6 ከመቶ ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ነፊው የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ማንኛውም ጆሮ ይሰማዋል። እርግጥ ነው፣ የዩፎኒየም ቱቦ ሾጣጣ ስለሆነ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፤ አቅጣጫቸው ግን አይለወጥም።

የተማሪው እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በትሮምቦኑ ላይ ትንሹ ጽዋ የተሠራለትን ቱቦ አግኝቷል፤ የሚተርፍ ስህተት ቢኖር እንኳ ጆሮው ሰምቶ እጁ ተንሸራታቹን ጥቂት በማውጣት፣ እርሱ ሳያውቀው፣ ያርመዋል። ዩፎኒየም ተንሸራታች የለውም። ቫልቭ ወይ ተጫነ ወይ አልተጫነም ነው። የቀረው መንገድ በከንፈር ድምፁን ወደ ታች መጎተት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ከንፈርን ቶሎ ያደክማል። በዩፎኒየም ላይ «ጆሮ የለህም» የተባለው ልጅ፣ በትሮምቦን ላይ በየድምፁ እያዳመጠ የሚያርም ጆሮ ነበረው።

መሰኪያውና ወረቀቱ

የትሮምቦንና የዩፎኒየም ማውዝፒሶች መሰኪያ በአመዛኙ ትንሽና ትልቅ ተብሎ ይከፈላል። ቀጭን ቱቦ ያላቸው ትሮምቦኖች ትንሹን፣ ሰፊ ቱቦ ያላቸው የኦርኬስትራ ትሮምቦኖችና ብዙዎቹ የዛሬ ዩፎኒየሞች ትልቁን ይቀበላሉ። በሁለቱ መካከል የሚገኝ መካከለኛ መጠንም አለ፤ በአንዳንድ ቆየት ያሉ የእንግሊዝ ዩፎኒየሞች ላይ ያጋጥማል።

ትንሽ መሰኪያ በትልቅ መቀበያ ውስጥ ሲገባ ከመጠን በላይ ይሰምጣል፤ ይወዛወዛልም። ትልቁ በትንሹ ውስጥ ሲሞከር ደግሞ ወደ ውጭ ተርፎ ይቀራል። ወረቀት መጠቅለል መወዛወዙን ያስታግሳል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ወረቀት እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ በጎኑ አየር ያሾልካል። ጥቂት አየር እንኳ ሲያሾልክ ሬዞናንሱ ይደክማል፤ ነፊውም ድምፁ «አልያዝ አለኝ» ይላል። መሰኪያውን በሞረድ መሞረድ ደግሞ መመለሻ የሌለው ጥፋት ነው። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ከናስ የተሠራ መሸጋገሪያ ቀለበት ከወረቀት እጅግ ይሻላል፤ የጽዋውን ጉድለት ግን አያርምም።

ጠርዙ የከንፈር ነው

እስካሁን ስለ ቱቦው ተናገርን። ከንፈር ግን የራሱ ሕግ አለው። የጠርዙ ውስጣዊ ዲያሜትር ምን ያህል የከንፈር ሥጋ እንደሚንቀጠቀጥ ይወስናል። ለእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ይህ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ24.5 እስከ 26.5 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። የግማሽ ሚሊ ሜትር ለውጥ በዓይን አይታይ ይሆናል፤ በየቀኑ የሚለማመድ ነፊ ግን ወዲያው ይሰማዋል። በአንድ ፕሮግራም ላይ መሣሪያ የሚቀያይር ሰው ጠርዙም አብሮ ከተለወጠበት ጡንቻዎቹ በየጊዜው አዲስ ልክ መፈለግ አለባቸው።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ ጠርዙን ለከንፈርዎ፣ ጽዋውንና መሰኪያውን ለቱቦው ይምረጡ። ሁለት ማውዝፒሶች ይኑሩ፤ የጠርዛቸው ዲያሜትርና ቅርጽ ይመሳሰል። የዩፎኒየሙ ጽዋ ጠለቅ ይበል፤ የትሮምቦኑ እንደ ቱቦው ስፋት ከዚያ ያነሰ ይሁን። ጠርዛቸው በብሎን ጥርስ ተፈቶ በሌላ ጽዋ ላይ የሚገጠም ማውዝፒሶችም ስላሉ፣ አንድን ጠርዝ ለሁለት ጽዋ መጠቀም ይቻላል። ሰፊ ቱቦ ያለው ትሮምቦንና ትልቅ መቀበያ ያለው ዩፎኒየም የሚነፋ ሰው ደግሞ በአንድ ጥልቅ ማውዝፒስ ሁለቱንም ሊያዳርስ ይችላል። በአንጻሩ ጠርዙ ጭራሽ የተለየ ሲሆን የሚመቻቸው ነፊዎች አሉ፤ ሁለቱን ስሜቶች ለያይተው ይለማመዷቸዋልና። ይህ ግን ለጀማሪ የሚመከር አይደለም።

ሲገዙ ወይም ሲዋሱ በማውዝፒሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ። በባክና በዴኒስ ዊክ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ዲያሜትሩ ይሰፋል፤ በሺልኪና በያማሃ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል። በዴኒስ ዊክ 4ኤኤል ላይ «ኤ» ጥልቅ ጽዋን፣ «ኤል» ትልቅ መሰኪያን ያመለክታል፤ 4ቢኤስ ደግሞ ጽዋው ጥልቀቱ መካከለኛ፣ መሰኪያውም ትንሽ ነው። ቁጥሩ 4 መሆኑ የጠርዙን ተቀራራቢነት ይነግረናል። ከዚያም በስሪንጅ ይለኩ፤ በመዳፍ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ፤ በመጨረሻም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቢ ፍላት በእጅ ስልክ ላይ ባለ የመቃኛ ፕሮግራም ያነጻጽሩ። ከፍተኛው ወደ ላይ ካመለጠ ጽዋው አንሷል፤ ወደ ታች ከወረደ ጽዋው በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ተማሪው በተዋሰነው ማውዝፒስ ዩፎኒየሙን ሲነፋ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። የመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ከብዶት፣ ትንፋሹም አጥሮት ነበር። ከፍተኛው ቢ ፍላት ግን ከመቃኛው ጋር ተቀራረበ፤ ለልምምድ የሚሆን ምክንያትም አገኘ። የውኃውን ልኬትና ስሌቱን በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ለባንዱ ኃላፊ ሰጣቸው። እርሳቸውም አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁት ነገር፣ ያ ስሪንጅ የት እንደሚገኝ ነበር።