የሁለት ሰዓት ሩጫ፣ የሃያ ሁለት ሰዓት ትምህርት

ጥያቄው የመጣው ከዘጠነኛ ክፍል ነው

«ቲቸር፣ ያ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ልጆች ጋር የሚሮጠው ፈረንጅ፣ ሀገሩ መሮጫ የለም እንዴ?»

ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅኩ። ኮተቤ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኖ ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ለልጁ «ለአየሩ ነው፣ ከፍታ ፍለጋ» ብዬ መለስኩለትና ደወል ተደወለ። መልሱ ግማሹ ልክ ነው። እዚህ የማብራራው ያን ቀን ያልደረስኩበትን ግማሽ ነው።

በምሳሌ ልጀምር፤ ህንድ ውስጥ ማይሶር የምትባል ከተማ አለች። ፓታቢ ጆይስ የሚባሉ የዮጋ መምህር በ1948 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤታቸውን ከፍተው በ2009 እስካረፉ ድረስ ያስተማሩት እዚያ ነው። ዛሬም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ሥራቸውን ትተው፣ ቤት ተከራይተው እዚያ ይከርማሉ። ሌሊት ተነስተው ወደ አዳራሹ ይሄዳሉ፤ መምህሩ አንዱን አቋቋም በወጉ ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው አያሳልፋቸውም። ቅዳሜ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ያርፋሉ። ዮጋ በየከተማው በሞላበትና ቪዲዮው በየስልኩ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ጉዞ ለምን? ለሚለው፣ የኛ የቅኔ ተማሪ መልስ አለው። እሱም አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከትውልድ ቀዬው ርቆ የኔታ ያሉበት ድረስ ይሄዳል። ትምህርቱ ከመምህሩ አፍ ብቻ አይገኝም፤ ከጎጆውም፣ ከለመናው እህልም፣ አብሮ ከሚያድረው ጓደኛም ነው።

የሩጫ ማይሶር ሲባል ኬንያ ውስጥ ኢተን አለ። እኛ ጋ በቆጂ፣ ሱሉልታ፣ ከዚያም ይኸው የኛ ኮተቤና ከጀርባው ያለው የየካና የእንጦጦ ጫካ። ማይክል ክሮውሊ የሚባል እንግሊዛዊ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ሳለ ለ15 ወራት እዚህ ኖሮ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ያየውን በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ የሮጠ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ሰዓት ጎበዝ ይባላል፤ ኮተቤ ከሰልፉ መጨረሻ ነው የሚቆመው። ከሱ በፊትም በኋላም የመጡ አሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሰፈሬ ያየኋቸውን ሰዎች አዋዋል ነው።

መጀመሪያ ሳንባው ይማራል

እንግዳው ቦሌ ሲያርፍ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ብዙ ሰው «እዚህ ኦክስጅን ያንሳል» ይላል። ይህን ክፍል ውስጥ ሁሌ አርማለሁ፤ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲ ወደብም እንጦጦ አናትም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ስንደርስ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይሳሳል።

ሰውነት ይህን ሲያውቅ ዝም አይልም። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሽንት ይመላለሳል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ይለቅና የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያበዛ ያዝዘዋል። ትእዛዙ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ሥራው ግን ቶሎ አያልቅም፣ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል። ለአሥር ቀን የሚመጣ ሰው ድካሙን ሸምቶ ትርፉን ሳይወስድ ይመለሳል የምለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ይህን የሚሰማ እንግዳ ግን አላየሁም። ሀገሩ በሚሮጥበት ፍጥነት ይነሳና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መንገድ ላይ ያሉ ልጆች «አይዞህ! በርታ!» ይሉታል። አንዳንዴ «ቻይና!» ይሉታል፤ ፀጉሩ ቢጫ ሆኖም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከ3,600 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያ የማራቶን ሻምፒዮን ሲወጣ ግን አልሰማንም። አየሩን ፈልጎ የመጣ ሰው ሌላ ነገር ተምሮ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ለአውሮፕላን ያወጣው ገንዘብ ያሳዝናል።

አሥራ አንድ ተኩል

ሁለተኛው ትምህርት ሰዓት ነው። አንዱ እንግዳ አሰልጣኙ በስልክ «ነገ 11:30 ሰርቪሱ ጋ» ብሎ ጻፈለት። እሱም በራሱ ሀገር የሰዓት አቆጣጠር አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ማለትም በኛ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጫማውን አስሮ፣ ውሃውን ይዞ ከተባለው ቦታ ተገተረ። ሰርቪስ የለም፣ ሰው የለም። አንድ ሊስትሮ ብቻ ነበር። «ተኝተዋል» አለው ልጁ፣ በእጁ ወደ ግቢዎቹ እያመለከተ። እውነቱን ነው፤ ሌሊት ወጥተው፣ ሰንዳፋ ሮጠው፣ ተመልሰው፣ ታጥበው፣ በልተው ተኝተው ነበር።

ሰርቪስ የምንለው ቡድኑን የሚያመላልሰው መኪና ነው። ከባዱ ልምምድ ሲሆን ሌሊት ይነሳና በየሰፈሩ እየቆመ ሯጭ ይለቅማል። መድረሻው እንደ ልምምዱ ይለያያል። ለቀላል ሩጫ እንጦጦ፣ ለረጅሙ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ፤ ፍጥነት ሲፈለግ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ በኩል ይወረዳል። ሯጮች መሬትንም ለይተው ነው የሚጠሩት፦ አስፋልት፣ ኮሮኮንች፣ ጫካ። አንድ ሳምንት ሙሉ አስፋልት ላይ የሚሮጥ እንግዳ ካዩ «እግሩን ሊጨርስ ነው» ይላሉ።

እግር መከተል

አሁን የትምህርቱ እምብርት ጋ ደረስን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እንጦጦ፣ ጎህ ሲቀድ። ጉሙ ገና ባህር ዛፉ ላይ ተኝቷል። ይህ ዛፍ ራሱ መጤ ነው፤ ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን ለማገዶ የተተከለ ነው፤ ዛሬ እንጦጦን ያለሱ ማሰብ አንችልም። በአንድ በኩል ነጠላ የለበሱ ሰዎች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ ጠበሉ ይወጣሉ፣ በሌላ በኩል እናቶች ከራሳቸው የሚበልጥ የእንጨት ሸክም አዝለው ይወርዳሉ። ሯጮቹ ከመኪናው ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ያማትቡና በአንድ መስመር፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ወደ ጫካው ይገባሉ።

የሚሮጡት በመንገድ አይደለም። ፊት ያለው ልጅ በዛፎቹ መሃል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ላይ ወጥቶ መልሶ እየወረደ ይመራል። ጉድጓድ ወይም የተቆረጠ ጉቶ ሲያይ እጁን ወደ ታች ያመለክታል፤ ምልክቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። ፍጥነቱ? እንግዳው ያፍራል። ኦሊምፒክ የሚመኙ ልጆች አንድ ኪሎ ሜትር በሰባትና በስምንት ደቂቃ ይሄዳሉ። የእጅ ሰዓቱ ይጮሃል፣ ሳተላይቱ ዛፍ ውስጥ መስመሩን ያጠፋበታል፣ እሱ በየደቂቃው እጁን እየገለጠ ያያል። ከዚያ ትዕግሥቱ ያልቅና ከመስመሩ ወጥቶ ያልፋቸዋል።

ከጥፋት ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የማይናገረው ልጅ ሁሉ ያን ቀን ይናገራል፦ «አንተ የምትሮጠው ከሰዓትህ ጋር ነው ከኛ ጋር?»

ነገሩን በመምህር ቋንቋ ላስረዳ። ለስላሳው መሬት ድንጋጤውን ከጉልበት ላይ ይወስዳል። መጠማዘዙ አስፋልት ላይ ሥራ ፈተው የሚውሉትን የቁርጭምጭሚት ጡንቻዎች ያሠራል። ቦታው ራሱ ፍጥነትን ስለሚከለክል ማንም ሳይገሥጽ ቀላሉ ቀን ቀላል ሆኖ ይውላል፣ ለከባዱ ቀን ጉልበት ይተርፋል። መከተሉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከፊት ያለውን ተረከዝ ብቻ የሚያይ ሰው መንገድ አይመርጥም፣ ፍጥነት አያሰላም፤ እርምጃው ሳያስበው ከፊተኛው እርምጃ ጋር ይገጥማል። ጀማሪ ልጅ ከጎበዝ ሯጭ የሚማረው በቃል አይደለም፤ ለወራት ተረከዙን አይቶ ነው። ተራው ሲደርስ እሱ ይመራል፣ ሌላው ይከተለዋል። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ለእንጀራ የተነገረ ነው፤ እዚህ ሰፈር ግን ለሩጫም ያገለግላል። ብቻውን ወጥቶ የሚሮጥ ሰው «ሳንሰማ ምን ሊሠራ ነው?» ተብሎ ይጠረጠራል።

ሰዓቱን ያወለቀ እንግዳ ሳይ ለውጥ መጀመሩን አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በአማርኛ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ሁሉም ፈረንጅ መጀመሪያ የሚማረው ተረት እሱ ነውና። ገብቶታል ማለት ግን አይደለም።

ገበታው

ከሩጫ መልስ በሶ ይበጠበጣል፣ ወይም ዳቦ በሻይ፣ ካለ ፍርፍር። ምሳ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሯጭ አለ፣ ሐኪምና ቄስ አማክሮ የማይጾምም አለ፤ እንግዳው በዚህ ጉዳይ አስተያየት ባይሰጥ ይሻለዋል። ከሀገሩ ያመጣውን የታሸገ የፕሮቲን ዱቄት ብቻውን ክፍሉ ዘግቶ የሚጠጣ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጣሳውን አውጥቶ መሃል አስቀመጠው፤ በአንድ ሳምንት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጉርሻ በልቶ አያውቅም። ገንዘብን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ እሱ ከከፈለ ጓደኛ መሆኑ ይቀርና ኪስ ይሆናል፤ ምንም ካልከፈለም ሰሳች ይባላል። መካከሉን ማንም አያስተምርም።

መምህሩ ከውጭ የመጣበት ዘመን

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፦ አበበ ቢቂላን ያሰለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክቡር ዘበኛው ወታደር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ አሰልጣኙ እሱ ነበር። ያኔ መምህሩ ከሰሜን መጣ፤ ዛሬ ተማሪው ከሰሜን ይመጣል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሩጫችን ከአፈሩ ብቻ የበቀለ የሚመስላቸው ስላሉ ነው።

ከሰዓት በኋላ

ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ ሩጫው ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ታዲያ ቀሪው? እንግዳው መጀመሪያ መርካቶ ይሄዳል፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ሉሲን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም ይሰለፋል፣ ማታ ጭፈራ ቤት ያመሻል። በማግስቱ ልምምዱ ላይ እግሩ አልነሳ ይለዋል። አሰልጣኙም «ትናንት ማን ሮጠልህ?» ይለዋል።

የተሰነጣጠቀ ጡንቻ በደንብ የሚጠገነው ሰው ሲያርፍ ነው። ይህን ሯጮቻችን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ያውቁታል። «ኮንዲሽን» የሚሉት ነገር የሚመጣው ከልምምድና ከእንቅልፍ እኩል ነው፤ ለመራመድ እንኳ ይሰስታሉ፣ ሱቅ ሰው ይልካሉ። ማይሶር ላይ ዮጋው ሲያልቅ ተማሪው ጀርባው ላይ እንደ ሬሳ ይዘረጋል፤ አቋቋሙም በሬሳ ስም ይጠራል፤ ከሁሉ ከባዱ እሱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሞክሬው አላውቅም፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ምንም ሳይሠሩ መተኛት ለአንድ አውሮፓዊ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አይቻለሁ። ያፍራል። ሥራ ፈት የሆነ ይመስለዋል። ስልኩን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ልብስ ሊያጥብ ይነሳል።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ ያለበትን ግቢ ፈልጌ ሄድኩ፤ ለሳምንት ከክፍል ቀርቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የታጠቡ ጫማዎች ቆርቆሮው ላይ ምላሳቸው ወጥቶ ተሰጥተዋል፣ ስድስት ጥንድ። የአንዱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ፍራሽ ላይ ሦስት ሰው ተጋድሟል፤ መሃል ያለው ያ ፈረንጅ ነው፣ አፉን ከፍቶ። የእጅ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሏል። ልጠራ አፌን ስከፍት የቤት አከራይዋ እትዬ ከቡና ማፍያቸው ቀና ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ ይበሉ መምህር፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።»